ጀርባውን ሳያዩ አይግዙ፦ የአናንጉ የእንጨት ገበቴዎችና የዋልካ ጌጣቸው

በመካከለኛው አውስትራሊያ በረሃ፣ ኡሉሩ በሚባለው ግዙፍ ቀይ ዐለት ግርጌ ባለው የባህል ማዕከል፣ የአካባቢው ቀደምት ሕዝብ የአናንጉ በሆነው በማሩኩ አርትስ መደብር ውስጥ፣ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በጋለ ሽቦ በተተኮሰው ጥቁር መስመር ላይ ነው። ክብ በክብ ውስጥ፣ እንደ እባብ የሚሄድ መስመር፣ የነጥብ ሰልፍ። ገዢው ገበቴውን ያነሳል፣ ጌጡን ያደንቃል፣ ዋጋውን ያነብባል፣ ይከፍላል። ዕቃውን ግን አላየውም፤ ያየው ልብሱን ነው።

እነዚህ ገበቴዎች ከጌጥ በፊት ዕቃ ናቸው። ውኃ ይቀዳባቸዋል፣ ዘር ይንጠረጠርባቸዋል፣ አሸዋ ይዛቅባቸዋል፣ ሕፃን ይተኛባቸዋል። ስለዚህ ግምገማው የሚጀምረው ከቅርጹ፣ ከውፍረቱና ከእንጨቱ ቃጫ ነው፤ ጌጡ ወረፋውን ይጠብቅ። ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፦ በጥሩ እጅ የተጠረበ ፒቲ፣ ማለትም ትልቁ ጎድጓዳ ገበቴ፣ በአውስትራሊያ ከሚሸጡት የቀደምት ሕዝቦች የእጅ ሥራዎች መካከል የተከፈለበትን ገንዘብ በሚገባ የሚያወጣ ዕቃ ነው። በችኮላ የተጠረበው ግን ዋልካው፣ ማለትም የተተኮሰው ጌጥ፣ ምንም ቢደምቅ አየሩ ሲለወጥበት ጫፉ ይሰነጠቃል።

ስሙ ላይ ትንሽ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቱሪስቱም ነጋዴውም ሁሉንም በጅምላ «ኩላሞን» ይላቸዋል። ቃሉ የመጣው ከኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ከካሚላሮይ ቋንቋ «ጉላማን» ነው፤ ነጮቹ ሰፋሪዎች ወሰዱትና ለመላው አህጉር ገበቴ ሁሉ መጠሪያ አደረጉት። በኡሉሩ ዙሪያ ያሉት አናንጉ፣ ማለትም የፒትጃንትጃጃራና የያንኩኒትጃጃራ ተናጋሪዎች፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ስም አላቸው። ትንሹ፣ በአንድ እጅ የሚያዘውና አሸዋም ውኃም የሚዛቅበት ዊራ ነው። ጎድጎድ ያለው፣ ምግብና ውኃ የሚሸከሙበት ትልቁ ፒቲ ነው። ሚምፑ ከእነዚህ ይበልጥ ጥልቅ የሆነ የውኃ ገበቴ ነው። ካኒልፓ ደግሞ ረጅምና ጠፍጣፋ ሲሆን ሥራው የሰፌድ ሥራ ነው። ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ዋርልፒሪዎች ጋ ሲደረስ ስሙ ፓራጃ ይሆናል። ሻጩ «ይሄ ኩላሞን ነው» ከማለት በቀር ሌላ ስም ከሌለው ስለ ዕቃው የሚያውቀው ከዋጋው አያልፍም ማለት ይቻላል።

የስሙ ጉዳይ ለቃል ማማር አይደለም፤ መመዘኛው ይለወጣል። ዊራ በእጅ ሲያዝ አውራ ጣት ጠርዙን፣ አራቱ ጣቶች ሆዱን ሊጨብጡ ይገባል፤ ጠርዙ ከወፈረ አሸዋ አይዝቅም። ፒቲ በሁለት እጅ ጫፍና ጫፉ ተይዞ ሲነሳ ክብደቱ ከመሃል መውረድ አለበት፤ አንዱ ጫፍ ወደታች ከጎተተ እንጨቱ እኩል አልሳሳም። ሴቶች ፒቲን ጭንቅላታቸው ላይ የሚሸከሙት ማንጉሪ በሚባል፣ እንደ ማቶት በተጠቀለለ ቀለበት ላይ አስቀምጠው ነው። ውኃው እንዳይንቦጫረቅ ቅጠልና ቀንበጥ ጣል ያደርጉበታል። ሚዛኑ የተዛባ ፒቲ ለዚህ አይሆንም። ካኒልፓ ላይ ደግሞ ትልቁ ነገር ርዝመቱን የሚከተለው ለስላሳ ጎድጓዳነቱ ነው። ሴቲቱ ገበቴውን እያወዛወዘች፣ እያንገዋለለች፣ ዘሩን ከገለባውና ከአሸዋው ትለያለች፤ ዋንጉኑ የሚባለው የበረሃ ሣር ዘር የሚጠራው እንዲህ ነው። ውስጡ ላይ የመጥረቢያ ጉድፍ ከቀረ ዘሩ እዚያው ይሰነቀራል። ጣትዎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያንሸራትቱ የሚይዝዎት ነገር ካለ ያ ካኒልፓ ግድግዳ ላይ ለመሰቀል ብቻ የተሠራ ነው።

ይህ የማንገዋለል ጥበብ በምዕራብ አውስትራሊያ፣ በፒልባራ፣ ያንዲ ይባላል፤ ከዘርም አልፎ ማዕድን ተለይቶበታል። በግንቦት 1946 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የፒልባራ ቀደምት ሕዝቦች የሆኑ ከብት ጠባቂዎች ሥራ አቁመው ከእርባታዎቹ ሲወጡ፣ ኑሯቸውን ከደገፉባቸው ነገሮች አንዱ የቆርቆሮ ማዕድንን በያንዲ ከአፈር መለየት ነበር። ከባዱ ማዕድን ወደ አንድ ጫፍ፣ ቀላሉ አፈር ወደ ሌላው ይሄዳል። ከብረት ወረቀት የታጠፉ የያንዲ ገበቴዎች ሁሉ ነበሩ። ቅርጹ ትክክል ከሆነ ቁሱ ብረትም ቢሆን ይሠራል፤ ቅርጹ ከተሳሳተ ግን ምርጡ እንጨት አያድነውም።

እንጨቱ

የፒቲና የዊራ ዋናው እንጨት የወንዝ ዳር ቀይ ባሕር ዛፍ ነው፤ ፒትጃንትጃጃራዎች አፓራ ይሉታል። ቀይ ቡናማ፣ ጠንካራ፣ ቃጫው የተወሳሰበ ነው፤ ሲደርቅ አንድ ሜትር ኩብ ወደ 900 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ምርጡ ገበቴ የሚወጣው ከቀጥተኛ ግንድ አይደለም። ጠራቢዋ የምትፈልገው ከግንዱ ላይ ያበጠ ጎን ወይም ጎበጥ ያለ ሥር ነው። ምክንያቱም እዚያ ቃጫው ራሱ ስለሚታጠፍ፣ ከጫፍ ወደ ጫፍ ሳይቆረጥ የገበቴውን ጉብጠት ተከትሎ ይሄዳል። ከቀጥተኛ ሳንቃ ላይ ጎድጓዳ ነገር ከተፈለፈለ ግን ሁለቱ ጫፎች ላይ ቃጫው ተቆርጦ ይቀራል፤ እዚያ ላይ እንጨቱ እንደ ተቆረጠ ሸምበቆ ነው፣ እርጥበት በፍጥነት ይወጣል፣ በፍጥነት ይገባል፣ ስንጥቁም ከዚያ ይነሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፍተሻ ይህ ነው፦ ገበቴውን ገልብጠው ሆዱ ላይ ያሉትን የእንጨት መስመሮች ይከተሉ። መስመሮቹ ከአንዱ ጫፍ ተነስተው ጉብጠቱን አልፈው ወደ ሌላው ከወረዱ ጥሩ። ሆዱ ላይ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት የተደራረቡ ሞላላ ቀለበቶች ሆነው ከታዩ ከቀጥተኛ እንጨት የተቆረጠ ነው። ይህ ሁለተኛው ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ እውነተኛ ሥራዎች እንዲህ ናቸው። ግን ለጫፎቹ የበለጠ መጠንቀቅ፣ ለዋጋውም ትንሽ መከራከር ይገባል።

ሌላው እንጨት ፍሬው ቀይ ዶቃ የሚመስለው፣ አናንጉ ኢኒንቲ የሚሉት ዛፍ ነው፤ ቆርች ለሚያውቅ ሰው ዘመዱ ነው። በጣም ቀላል፣ ለስላሳ፣ ለመጥረብ ምቹ ነው። ከእሱ የወጣ ትልቅ ገበቴ በአንድ እጅ ይነሳል፤ ሕፃን ለመሸከምም ከባዱን ቀይ ባሕር ዛፍ የሚያስንቅ ነው። ጉዳቱ ሁለት ነው፤ ጥፍር ያጭረዋል፣ ነቀዝም ይወደዋል። ሙልጋ የሚባለው የግራር ወገን ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ብረት የሚያህል፣ ውስጡ ጥቁር ቡናማ፣ ዳሩ ቢጫ የሆነ እንጨት። ለጦር መወርወሪያ፣ ለዱላ፣ ለትናንሽ እንስሳት ቅርጽ ድንቅ ነው። ትልቅና ጥልቅ የሙልጋ ፒቲ የሚል ጽሑፍ ካዩ ግን ይጠራጠሩ። ሙልጋ እንዲህ ያለ ወፍራም ግንድ እምብዛም የለውም፣ ቢኖረውም ለመጎድጎድ ጉልበት ይጨርሳል።

ከግንድ እስከ ገበቴ፦ ስህተቱ የሚገባበት ቦታ

ዛፉ አይገደልም። የሚፈለገው ቅርጽ በምሳር ዙሪያውን በጥልቀት ይተለማል፣ ከዚያ ሽብልቅ እየተመታበት ከቆመው ግንድ ላይ ይላቀቃል። ዛፉ ጠባሳውን ይዞ ይኖራል፤ በአውስትራሊያ ወንዞች ዳር እንዲህ ያሉ የገበቴ ቅርጽ ያላቸው የመቶ ዓመት ጠባሳዎች ዛሬም ይታያሉ፣ በሕግም ይጠበቃሉ። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ሽብልቁን ከአንድ ወገን ብቻ አጥብቆ መምታት ነው። ቁራጩ ሲላቀቅ ውስጥ ለውስጥ ይተረተራል፤ ትርተራው ያኔ አይታይም፣ ዕቃው ሲደርቅ ነው የሚከፈተው።

የሚጠረበው እርጥብ ሳለ ነው። እርጥብ እንጨት ለስለቱ ይታዘዛል፤ የደረቀ ቀይ ባሕር ዛፍ ግን ምሳሩን ያነጥራል። ችግሩ እርጥቡ እንጨት ሲደርቅ በየአቅጣጫው እኩል አለመኮማተሩ ነው። በዓመት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው፣ ከልብ ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው፤ በርዝመቱ ደግሞ ከቁጥር አይገባም። ውፍረቱ እኩል ያልሆነ ገበቴ ቀጭኑ ቦታ ቀድሞ ይደርቃል፣ ወፍራሙ እርጥብ እንደሆነ ይቆያል፣ ሁለቱ ሲጓተቱ እንጨቱ ይለያያል። ስለዚህ ጥሩ ጠራቢ መጀመሪያ ሁሉንም ቦታ ወደ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያወርደዋል፣ በጥላ ያቆየዋል፣ ከዚያ ያቀጥነዋል። ተጣድፎ አንዱን ጫፍ የጨረሰ፣ ሌላውን ለነገ ያሳደረ፣ በበረሃው ደረቅ አየር ስንጥቅ ቀድሞት ይነሳል።

ድሮ መጎድጎጃው ስለታም ድንጋይ በሙጫ የተጣበቀበት መሣሪያ ነበር፤ ድንጋዩ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው በጦር መወርወሪያው እጀታ ጫፍ ላይ ነው። ሙጫው ኪቲ ይባላል፤ ስፒኒፌክስ ከሚባለው እሾሃማ ሣር ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በእሳት ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ዛሬ ምሳር፣ ስለቱ እንደ ዶማ በአግድም የተገጠመ መጥረቢያ፣ ሞረድ፣ መጨረሻ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ናቸው። በብረት መሣሪያ መሠራቱ እውነተኛነቱን አይቀንሰውም፤ «በድንጋይ የተሠራ» የሚል አዲስ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመዎት መጠርጠር ያለብዎት እሱን ነው።

ውፍረቱን ለመገምገም መለኪያ አያስፈልግም። አውራ ጣትና ሌባ ጣትን ከጠርዙ ጀምሮ ወደታች ማንሸራተት ይበቃል። ጠርዙ ላይ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር፣ ሆዱ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለመካከለኛ ፒቲ መልካም ነው። ልዩነቱ ቀስ ብሎ መምጣት አለበት፤ በድንገት ደረጃ ከተሰማዎት እዚያ ላይ ነው የሚሰነጠቀው። ቀጥሎ በጣት አንጓ ሆዱን መታ መታ ያድርጉ። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀ ደግሞ እንደ ተነቃ ሸክላ ይንጫጫል። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከፊት ወደ ኋላ ቢወዛወዝ ነውር አይደለም፣ ለአሸዋና ለጭንቅላት እንጂ ለጠረጴዛ አልተሠራም። ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ቢንገጫገጭ ግን ሲደርቅ ተጠማዟል ማለት ነው፣ መጠማዘዙም ገና ላያበቃ ይችላል።

ጉጥ ያለበትን ገበቴ ብዙ ሰው ይሸሻል። እውነቱን ለመናገር ጠርዝ ላይ ያለ ጉጥ ያሰጋል፤ ሆዱ መሃል ያለ፣ ዙሪያው ያልተላቀቀ ጉጥ ግን ምንም አያደርግም። በቀይ አፈር ወይም በእንጨት ብናኝ የተሞላ ስንጥቅ ይለያል። ሻጩ ካሳየዎት ጥገና ነው፤ እርስዎ በጥፍርዎ ካገኙት ደግሞ ሽንገላ ነው። ጥገና በራሱ አሮጌ ልማድ ነው። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ቀዳዳ ይበሳል፣ በካንጋሮ ጅራት ጅማት ይሰፋል፣ ኪቲ ይለቀለቅበታል። እንዲህ ተሰፍቶ ዓመታት ያገለገለ አሮጌ ገበቴ ካልተሰፋው አዲስ የበለጠ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል፤ በእኛ ግምገማም ይገባዋል።

ዋልካ

አሁን ወደ ጌጡ። አናንጉ ለእንጨት፣ ለዛፍና ከእንጨት ለሚወጣ ሥራ ሁሉ ፑኑ ይላሉ፤ ትርጉም ያለው ምልክት ደግሞ ዋልካ ነው። ዋልካ በአሸዋ ላይ ይሣላል፣ በሰውነት ላይ ይቀባል፣ በዋሻ ግድግዳ ላይ ይኖራል፤ በገበቴ ላይ የሚተኮሰው ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው። ሽቦው የመጣው ከነጮቹ የከብት አጥር ጋር ነው፤ ስለዚህ በሽቦ መተኮስ በጥንታዊነቱ የሚነገድበት ነገር አይደለም። ዛሬ ግን የአናንጉ ፑኑ መለያ እሱ ሆኗል፤ ብዙውን የሚተኩሱት ሴቶች ናቸው።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። የሙልጋ ፍም ይዘጋጃል፤ ሙልጋ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ኃይለኛ ፍም አለው። ከ2.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍሩ በርከት ያሉ የአጥር ሽቦዎች ጫፋቸው ፍም ውስጥ ይገባል። አንዱ በእጅ ሲሠራ ሌሎቹ ይግላሉ፤ ሽቦ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ረጅም የሚመስለው መስመር እንግዲህ የብዙ አጫጭር ተኩሶች ሰንሰለት ነው። ጥሩ እጅ መገጣጠሚያውን ይሰውረዋል እንጂ አያጠፋውም። ቀረብ ብለው ሲያዩት መስመሩ መነሻው ላይ ጠቆር፣ መጨረሻው ላይ ቡናማ ይሆንና እንደገና ይጠቁራል። ጣት ሲያልፍበት ጎድጎድ ይላል። ይህ ትንፋሽ የሌለው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ጥቁር፣ አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው መስመር በኤሌክትሪክ እስክሪብቶ ወይም በሌዘር የተቃጠለ ነው። ቀለም ከሆነ ደግሞ ጉድጓድ የለውም፤ ጥፍር ያነሳዋል።

ብልሽቶቹ ይታወቃሉ። ሽቦው ከልክ በላይ ከጋለ መስመሩ ዙሪያ የጢስ ጥላ ይወጣል፣ ጠርዙ ይፈርሳል። ከቀዘቀዘ በኋላ ከተገፋ እንጨቱን ይቧጭራል፣ መስመሩም የሻይ ቀለም ይዞ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይደበዝዛል። እንጨቱ ሳይደርቅ ከተተኮሰ ውኃው እየተነነ ሙቀቱን ይበላዋል፣ መስመሩም ይገረጣል። ከዚያ የከፋው ደግሞ፣ እንጨቱ በኋላ ሲኮማተር ጥልቅ የተተኮሰውን መስመር ተከትሎ ሊነቃ መቻሉ ነው። ከቃጫው ጋር ጎን ለጎን የሚሄዱ ረጅም መስመሮችን በተለይ ይመርምሩ፤ ስንጥቅ የሚደበቀው እዚያ ነው። ቅባት ከተቀባ በኋላ የተተኮሰ ገበቴ ላይ ደግሞ በመስመሩ ግራና ቀኝ የተጨማለቀ ቡናማ ዳር ይቀራል። ቅደም ተከተሉ ማድረቅ፣ ማለስለስ፣ መተኮስ፣ ከዚያ ቅባት ነው። ከተተኮሰ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገ መስመር ዳሩ ስል፣ መሃሉ ገርጣ ያለ ይሆናል። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ የተደፋበትን ግን ይተዉት፤ እንጨቱን ያፍነዋል፣ ሲላላጥም መላ የለውም።

ዋልካው በአብዛኛው ያለው በሆዱ፣ ማለትም በውጭው ጎን ነው። ይህ ምክንያት አለው፤ ውስጡ ሥራ ይሠራበታል። በውስጡም በውጩም ጥቅጥቅ ብሎ የተተኮሰ ዊራ ሱቅ ላይ ይደምቃል፤ ግን ባዶ ቦታ የተወለት፣ ሦስት አራት ክቦች በመስመር የተያያዙበት ፒቲ ዓይን ሳይሰለች የሚኖረው ነው። ይህ የጣዕም ጉዳይ ነው ለሚል ሰው መልስ የለንም።

ትርጉሙስ? ክብ በክብ ውስጥ ውኃ ያለበት ቦታ ወይም ሰፈር፣ የሚጠማዘዝ መስመር ውኃ ወይም እባብ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» የሚለው ቃል እዚህ ትልቅ ሥራ አለው። አንድ ምልክት በአንድ ቤተሰብ ምድር አንድ ነገር፣ በሌላው ሌላ ነው። ከቹኩርፓ፣ ማለትም የምድሩን አፈጣጠርና ሕግ ከሚይዘው እውቀት፣ ለሁሉ የማይነገር አለ። እያንዳንዱን ነጥብ እንደ መዝገበ ቃላት የሚተረጉም የወረቀት ካርድ ከዕቃው ጋር ከተሰጠዎት በአብዛኛው የሻጩ ድርሰት ነው። አስተማማኙ ካርድ አጭር ነው፦ የሠሪዋ ስም፣ ማኅበረሰቧ፣ የዕቃው ስም፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የመዝገብ ቁጥር። ሠሪዋ ታሪክ ጨምራ ከሆነ እሰየው።

ጌጥ ሁሉ ሽቦ አይደለም። በምዕራቡ በረሃ ከጫፍ እስከ ጫፍ እርስ በርስ ጎን ለጎን የሚሄዱ ጥልቀት የሌላቸው ቦዮች ይቀረጻሉ፤ ለዓይንም ለእጅም ደስ ይላል፣ ለመያዝም ይመቻል። ቀይ አፈር በስብ ተለውሶ የተቀባ ገበቴም በመካከለኛው በረሃ የቆየ ነው። ዋርልፒሪ ሴቶች ፓራጃን በቀለም ያስጌጣሉ። ከቲዊ ደሴቶች የሚመጣው ቱንጋ ግን ሌላ ወገን ነው፤ ከዛፍ ልጥ የሚሰፋ፣ በአፈር ቀለም የሚቀባ፣ በፑኩማኒ የቀብር ሥርዓት ላይ ተገልብጦ በተቀረጸው ምሰሶ አናት የሚደፋ። ይህን ከፒቲ ጋር በአንድ መለኪያ መገምገም ፍትሕ አይሆንም።

ግዢው

ማሩኩ የአናንጉ የራሳቸው ድርጅት ነው፤ ሥራውን የጀመረው በ1984 ነው፣ ማለትም ኡሉሩ ለባለቤቶቹ ከመመለሱ ከአንድ ዓመት በፊት። በበረሃው ከተበታተኑ ከ20 በላይ ማኅበረሰቦች ወደ 900 የሚጠጉ ሠሪዎችን ሥራ ይሸጣል። መደብሩ ከአሊስ ስፕሪንግስ በመኪና ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መደብሩ ወዳለበት ብሔራዊ ፓርክ ለመግባት ይከፈላል። በባህል ማዕከሉ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ፣ አይተው ወጥተው በኋላ በፎቶ አወዳድራለሁ የሚል ገዢ ዕቅዱን ይለውጥ፤ ካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር በወረቀት መያዝ ይሻላል። የዚህ መደብር ጥንካሬ ምርጫው ነው፤ አሥር ፒቲ ጎን ለጎን አስቀምጦ መገልበጥ ሌላ ቦታ አይገኝም። በኢንተርኔት ሲገዙ ግን፣ ከየትም ይሁን፣ ሦስት ተጨማሪ ፎቶ ይጠይቁ፦ ሆዱን፣ ሁለቱን ጫፎች ከቅርብ፣ ከጎን ደግሞ ውፍረቱ እንዲታይ። እምቢ ካሉ እርስዎም እምቢ ይበሉ።

ዋጋው በርዝመት ብቻ አይሄድም። ትንሽ ዊራ በአሥሮች የአውስትራሊያ ዶላር ይገኛል፣ ትልቅ ጥልቅ ፒቲ በመቶዎች ይገባል። ከሁሉ በላይ ዋጋ የሚጨምረው ጥልቀት ነው፤ ምክንያቱም ጥልቀት ወፍራም እንጨት፣ ብዙ ቀን መጎድጎድና ብዙ የመሰንጠቅ ዕድል ማለት ነው። ጠፍጣፋና ረጅም ገበቴ በጥልቁ ዋጋ ከተጠራብዎት ይከራከሩ፤ ጥልቁ ላይ ግን አይከራከሩ።

ማጭበርበሩ ቀላል አይደለም። የአውስትራሊያ መንግሥት አማካሪ ተቋም የሆነው ፕሮዳክቲቪቲ ኮሚሽን በ2022 ባወጣው ሪፖርት ለመታሰቢያ ከሚሸጡት «የአቦርጂናል» ዕቃዎች ከግማሽ በላዩ የቀደምት ሕዝቦች እጅ ያልነካቸው መሆኑን አስቀምጧል። በ2019 ደግሞ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ኢንዶኔዥያ ውስጥ የተሠሩ ቡሜራንጎችንና ሌሎች ዕቃዎችን እንደ አቦርጂናል ሥራ ያቀረበ አንድ አከፋፋይ ላይ 2.3 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጥሏል። «በአቦርጂናል ስልት የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ማለት በአቦርጂናል አልተሠራም ማለት ነው። ሻጩ የኢንዲጂነስ አርት ኮድ (የቀደምት ሕዝቦች ኪነ ጥበብ የንግድ ሥነ ምግባር ደንብ) አባል መሆኑን መጠየቅ ቀላል ማጣሪያ ነው፤ አባልነቱ በፈቃድ ነውና አለመሆኑ ብቻውን ወንጀል አይደለም።

አሮጌ ገበቴ የሚፈልግ ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛ፣ የ1986ቱ የተንቀሳቃሽ ባህላዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ ለሽያጭ ያልተሠሩ አንዳንድ አሮጌ ዕቃዎች ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ ይከለክላል፤ ፈቃዱን ከመክፈልዎ በፊት እንጂ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ አይጠይቁም። ሁለተኛ፣ ከሰኔ 2010 ጀምሮ የኪነ ጥበብ ሥራ በ1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ በነጋዴ በኩል ዳግም ሲሸጥ 5 በመቶው ለሠሪው ወይም ለወራሾቹ ሊከፈል ይገባል። ይህን ሲሰማ ፊቱ የሚጠቁር ነጋዴ ያጋጥማል።

ሲላክ በወረቀትና በጨርቅ ይጠቅለል። በፕላስቲክ ታሽጎ ከተላከ እርጥበቱ እዚያው ታፍኖ ሻጋታ ይዞ ይደርሳል። የአየር መልእክት ዋጋ የሚሰላው በክብደት ብቻ ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ጭምር ነው፤ ዊራን ፒቲ ውስጥ አስተኝቶ መላክ ወጪውን ይቀንሳል። ቅርፊት የቀረበት ወይም የነቀዝ ቀዳዳ ያለበት ዕቃ በብዙ አገር ጉምሩክ ይያዛል። ከቀዳዳው ሥር ትኩስ ዱቄት የሚመስል ብናኝ ከታየ ነፍሳቱ በሕይወት አሉ። ቀለም ያልተቀባ ከሆነ በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጎ አሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ማቆየት ይገድላቸዋል። ሲወጣ ከፕላስቲኩ ሳይፈታ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ፣ አለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።

ቤት ከገባ በኋላ ጠላቱ ድንገተኛ ለውጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከማሞቂያም ከአየር ማቀዝቀዣም ከመስኮት ፀሐይም ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። በውኃ አይታጠብም፣ በሳሙና አይነካም፤ አቧራው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይነሳል። የወይራና የምግብ ዘይት አይሆንም፤ አይደርቅም፣ ይሸታል፣ አቧራ ይሰበስባል። የግድ ቅባት ካስፈለገው በጣም ስስ የንብ ሰም በቂ ነው፤ የአፈር ቀለም ያለበትን ግን ምንም አይንኩት፣ ቀለሙ ከጨርቁ ጋር ይመጣል። የተልባ ዘይት የሚመርጥ ሰው የተጠቀመበትን ጨርቅ ጨብጦ አይጣለው፣ ዘርግቶ ያድርቀው፤ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የተልባ ዘይት ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። መስቀል ከተፈለገ ሚስማር አይመታበትም፣ አይበሳም፤ ሁለት ሰፋ ያሉ፣ በጨርቅ የተለበጡ መንጠቆዎች ጠርዙን ከሥር ይደግፉት፣ ሆዱ ወደ ክፍሉ፣ ውስጡ ወደ ግድግዳው ሆኖ።